ለአሮጌ ዴስክቶፕ ተተኪ ግራፊክስ ካርድ አመራረጥ

ለአሮጌ ዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ሲፈለግ ወሰኑን የሚያስቀምጠው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። የማዘርቦርዱ ስሎት፣ የፓወር ሰፕላዩ ዋት፣ የኬዙ ስፋትና የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ተደምረው በገበያ ካሉት ብዙ ሞዴሎች መካከል የሚሆኑትን ወደ አምስት ስድስት ያወርዷቸዋል። የካርዶቹ ጉልበትና ዋጋ የሚነጻጸረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ ካርድ የገዛ ሰው ወይ የኬዙ ክዳን አልዘጋ ይለዋል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አይነሳለትም። ካርዱ ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ መልሶ መቀየሩ የማይታሰብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እንደ ምሳሌ የሚያገለግሉት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እና ኤችፒ ኮምፓክ ኤሊት 8300 ናቸው። ሁለቱም በ2012 እ.ኤ.አ. የወጡ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ወይም አይ 7 ፕሮሰሰር የሚይዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች ናቸው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት መካከል የእነዚህ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አሠራራቸው ጠንካራ፣ መለዋወጫቸውም የሚገኝ በመሆኑ ዛሬም ስቱዲዮ፣ ማተሚያ ቤትና የሥዕል ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ይታያሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ጥፋቱ የካርዱ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ኮምፒውተሩ ለመነሳት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ፋይል ሲከፈት የሚንቀራፈፍ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወይም የራም ማነስ ነው። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ኤስኤስዲ መግጠምና ራሙን ወደ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ማሳደግ ከማንኛውም ግራፊክስ ካርድ የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ ወጪውም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ወደ ካርዱ የሚያመለክቱት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ ስክሪን ላይ የሚበታተኑ ባለቀለም ነጠብጣቦችና መስመሮች፣ ጌም ወይም የሦስት አውታር ሥዕል ሲከፈት ብቻ የሚመጣ መጥፋት፣ ድራይቨር በተጫነ ቁጥር የሚጠቁር ሞኒተር።

ይህን ለመለየት ካርዱን ነቅሎ የሞኒተሩን ኬብል በማዘርቦርዱ የራሱ መውጫ ላይ መሰካት ይቻላል። በሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰሮች ውስጥ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ኢንቴል ኤችዲ የሚባለው ግራፊክስ አብሮ አለ። ካርዱ ሲወጣ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ የሚሠራ ከሆነ ጥፋተኛው ታውቋል። ያም ሆኖ ካርዱን ከመጣል በፊት አቧራውን በብሎወር ማራገፍ፣ ፋኑ በነፃነት መዞሩን ማየትና የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየር ተገቢ ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ ካርድ በዚህ ብቻ ወደ ሥራ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ ይታያል። ለጽሑፍ፣ ለሂሳብና ለኢንተርኔት የሚውል ኮምፒውተር ተጨማሪ ካርድ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ሞኒተር ለመጨመር ወይም የዩቲዩብ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ለማየት ቢሆን ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮዎቹን ቪፒ 9 እና ኤቪ 1 በሚባሉ ዘዴዎች ይጨምቃል። የሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ግራፊክስ ሁለቱንም በራሱ መፍታት ስለማይችል ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። እንደ ጂቲ 1030 ያለ ትንሽ ካርድ ቪፒ 9ን ከፕሮሰሰሩ ይረከበዋል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ግን ይኸው ካርድ አይመከርም፤ ቪዲዮ ጨምቆ የሚያወጣ ክፍል የለውምና ኤክስፖርት ሲደረግ ምንም አያግዝም። ለአውቶካድ የሁለት አውታር ሥዕል መጠነኛ ካርድ ይበቃል። እንደ ሉሚዮን ያሉ የሕንፃ ማሳያ ፕሮግራሞች ግን የካርዱን ጉልበትና የራሱን ሜሞሪ እስከ መጨረሻው ይጠቀማሉ። ዋና ሥራው ይህ የሆነ ባለሙያ በአሥር ዓመት ኮምፒውተር ላይ ካርድ ከመቀየር ኮምፒውተሩን መቀየር ይሻለዋል፤ ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ለትልቅ ካርድ የሚወጣው ገንዘብ ግማሹ በከንቱ ይቀራል።

ዓላማው ከታወቀ በኋላ ኬዙ ይከፈትና ስሎቱ ይታያል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የግራፊክስ ካርድ ስሎት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሆኗል። ከዚያ በፊት የነበረው ኤጂፒ ስሎት ያለው ኮምፒውተር ካለ ለእሱ አዲስ ካርድ የለም። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ትውልዶቹ እርስ በርስ ስለሚግባቡ አዲስ ካርድ በአሮጌ ስሎት፣ አሮጌ ካርድም በአዲስ ስሎት ይሠራል፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ባለ 16 መስመር ስሎት በሁለተኛው ትውልድ በሰከንድ 8 ጊጋባይት፣ በሦስተኛው ወደ 16፣ በአራተኛው ወደ 32 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ኦፕቲፕሌክስ 7010 እና ኤሊት 8300 በሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሲሠሩ ሦስተኛውን ትውልድ ይሰጣሉ። አንድ ዓመት የሚቀድሟቸው፣ የሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የያዙት ወንድሞቻቸው ግን በሁለተኛው ላይ ይቆማሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያስተውለው ነገር አለ። በእነዚህ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ረጃጅም ስሎቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንደኛው ግን ርዝመቱ ብቻ ነው እንጂ የተዘረጋለት አራት መስመር ነው። ካርዱ የሚሰካው ለፕሮሰሰሩ በሚቀርበው ሙሉ ስሎት ላይ ነው። በተቃራኒው ካርዱም ቢሆን መስመሮቹ ሙሉ ላይሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ዋና ምሳሌ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 ነው። ካርዱ የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ሲሆን የታሰበውም ለአራተኛው ትውልድ ስሎት ነው። በአዲስ ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ የሚያገኘው ይህ ካርድ በኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ግማሹን፣ በሁለተኛ ትውልድ ስሎት ላይ ደግሞ ሩቡን ያገኛል። የካርዱ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ሞልቶ ከኮምፒውተሩ ራም መበደር ሲጀምር ጥበቱ ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይታያል። በወረቀት ላይ አሮጌውን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚበልጠው ካርድ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከስሎቱ ይልቅ ብዙ ካርድ የሚያስቀረው ግን ኃይል ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት በራሱ የሚሰጠው ከፍተኛው ኃይል 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ኬብል ይሰካበታል፤ ባለ 6 ፒን መሰኪያ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ይጨምራል። የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ኬብል የለውም። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ትንሹ ኬዝ ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት፣ ትልቁ 275 ዋት ነው፤ የኤሊት 8300 ትንሹ ኬዝም 240 ዋት ነው። ትክክለኛው ቁጥር በፓወር ሰፕላዩ ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይነበባል፤ ከጠቅላላው ዋት ይልቅ በ12 ቮልት መስመር ላይ የተጻፈው የበለጠ ይነግራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ኮር አይ 5 3470 ሙሉ ሲሠራ እስከ 77 ዋት ይወስዳል፤ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኮቹና ፋኖቹ ተደምረው ሌላ 40 ወይም 50 ዋት ይሆናሉ። በዚህ ላይ 75 ዋት ካርድ ሲጨመር 200 ዋት ይደርሳል። በ240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ላይ ይሄ ያለቅጥ ጠባብ ባይሆንም፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ፓወር ሰፕላይ አዲስ በነበረበት ጊዜ የሚሰጠውን ሁሉ ይሰጣል ብሎ መተማመን አይገባም። በተጨማሪም የአንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች መመሪያ ለስሎቱ ከ75 ዋት ያነሰ ወሰን ያስቀምጣል፤ መመሪያው ከአምራቹ ስለሚገኝ አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል። ከ30 እስከ 50 ዋት የሚወስድ ካርድ ለትንሹ ኬዝ ሰላማዊው ምርጫ ነው።

ተጨማሪ ኃይል የሚፈልግ ካርድ በርካሽ አግኝቶ የሳታ ኬብልን ወደ 6 ፒን በሚቀይር አዳፕተር መግጠም የተለመደ ስህተት ነው። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት በኩል የሚችለው 54 ዋት ብቻ ሲሆን ባለ 6 ፒኑ ካርድ ግን 75 ዋት ሊጠይቀው ይችላል። መሰኪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ እሳት የሚነሳበትም ጊዜ አለ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መቀየርም ሁልጊዜ አይሳካም። በኋላ የመጡት ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ዓይነቶች በገበያ ከሚገኘው ባለ 24 ፒን ፓወር ሰፕላይ ጋር የማይገጥም የራሳቸው መሰኪያ አላቸው። ትንንሾቹ ኬዞች ደግሞ መደበኛውን ፓወር ሰፕላይ የሚያስገባ ቦታ የላቸውም።

ቦታው በማስመሪያ ይለካል። መደበኛ ካርድ የሚገባው በትልቁ ኬዝ ነው። ትንሹ ኬዝ የሚቀበለው ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን፣ የሰሌዳው ቁመት ከ69 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ካርድ ብቻ ሲሆን፣ ከኋላ የሚታሰረው የብረት ብራኬትም አጭር መሆን አለበት። ያገለገለ ሎው ፕሮፋይል ካርድ ሲገዛ አጭሩ ብራኬት አብሮ መኖሩን መጠየቅ ግድ ነው፤ ካርዱ ተገኝቶ ብራኬቱ የሚጠፋበት አጋጣሚ እጅግ ብዙ ነው። ከዚያ ከስሎቱ እስከ ዲስክ መያዣው ያለው ርዝመት ይለካል። የካርዱ ውፍረትም ይታያል፤ ሁለት ስሎት የሚይዝ ካርድ በትንሹ ኬዝ ውስጥ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ጨርሶ ትንንሾቹ፣ መጽሐፍ የሚያክሉት ኮምፒውተሮች ስሎት ስለሌላቸው ግራፊክስ ካርድ አይቀበሉም።

ባዮስ አራተኛው ወሰን ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን አሠራር ስለማያውቁ አንዳንድ አዲስ ካርድ ሲገጠምባቸው ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። 7010 እና 8300 ሁለቱንም አሠራሮች ያውቃሉ፤ ሆኖም ካርዱ ከመገዛቱ በፊት ባዮሱን ከአምራቹ በሚገኘው የመጨረሻ እትም ማደስ መልካም ነው። ባዮስ በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ እስከ መጨረሻው ሊበላሽ ስለሚችል ሥራው ያለ ዩፒኤስ አይሞከርም። የኢንቴል አርክ ካርዶች እዚህ ላይ ከምርጫ ይወጣሉ። ሙሉ አቅማቸውን የሚያገኙት ሪሳይዘብል ባር በተባለው አሠራር ሲሆን ኢንቴል ራሱ የሚመክረው አሥረኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ነው። ዋጋቸው ቢያጓጓም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ውጤታቸው ያሳዝናል።

መውጫዎቹን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1000 ተከታታይና ከዚያ ወዲህ የመጡት ለአሮጌው ቪጂኤ ሞኒተር የሚሆን ምልክት አያወጡም። ሞኒተሩ ቪጂኤ ብቻ ካለው ምልክቱን የሚቀይር ኤሌክትሮኒክስ በውስጡ ያለው አዳፕተር ያስፈልጋል። ተራው የፒን መቀየሪያ አይሠራም።

እነዚህ ወሰኖች ሲደራረቡ የሚቀሩት ካርዶች ይታወቃሉ። ለትንሹ ኬዝና ለቀላል ሥራ 30 ዋት የሚወስደው ጂቲ 1030 አለ። ለዲዛይን ሥራ የኤንቪዲያ ኳድሮ ፒ 600 እና ፒ 1000፣ እንዲሁም ተከታያቸው ቲ 600 እና ቲ 1000 ከ40 እስከ 50 ዋት ብቻ ስለሚወስዱ፣ ሲፈጠሩም ሎው ፕሮፋይል ስለሆኑ ለእነዚህ ኬዞች የተሰፉ ይመስላሉ፤ መውጫቸው ትንሹ ዲስፕሌይፖርት በመሆኑ አዳፕተሩ አብሮ መገዛት አለበት። ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1650 ዋናዎቹ ናቸው፤ ሁለቱም 75 ዋት ናቸው። አንዳንድ አምራቾች ግን ጂቲኤክስ 1650ን ባለ 6 ፒን መሰኪያ ጨምረውበት ስለሠሩት ፎቶግራፉን ሳያዩ መግዛት አያዋጣም። በጀቱ ለሚፈቅድ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት፣ ያለ ተጨማሪ ኬብል ይሠራል። በትልቁ ኬዝ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ኮምፒውተር ትርጉም ያለው የላይኛው ጣሪያ እሱ ነው።

በስም መታለል ቀላል የሆነበት ምክንያት አምራቾቹ ለተለያዩ ነገሮች አንድ ስም መስጠታቸው ነው። ባለ 8 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 እስከ 130 ዋት የሚወስድ፣ ኬብልም የሚፈልግ ሌላ ካርድ ነው። ጂቲ 1030 መጀመሪያ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሜሞሪው ጂዲዲአር 5 ሆኖ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፍ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስም በተሠራው ባለ ዲዲአር 4 ካርድ ላይ ይህ ወደ 17 ጊጋባይት ገደማ ወረደ። ሣጥኑ ላይ የሚታየው ልዩነት አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ብቻ ናት። ጂቲ 730 ከዚህም የባሰ ነው፤ በአንድ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ትውልድ ቺፖች ተሽጠዋል። «4 ጊጋ ነው» የሚለው የሻጭ ማባበያም በዚህ ካርድ ላይ ብዙ ይሰማል። የሜሞሪ ብዛት ከፍጥነቱ ተለይቶ ምንም አይናገርም፤ ባለ 2 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በሰከንድ 86 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ ባለ ዲዲአር 3 ጂቲ 730 ከ30 አይበልጥም።

የድራይቨር ዕድሜም በዋጋው ውስጥ መታሰብ አለበት። ኤንቪዲያ የኬፕለር ትውልድ ለሆኑት የጂቲኤክስ 600 እና ለአብዛኞቹ የ700 ተከታታይ ካርዶች አዲስ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ለጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ ለ900 እና ለ1000 ተከታታይ ደግሞ ሙሉ ድጋፉ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቶ እስከ 2028 የሚቀጥለው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ይህ ማለት 1050 ቲአይ ነገ ይቆማል ማለት አይደለም፤ ከጂቲኤክስ 1650 ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ግን ሁለተኛውን መምረጥ ብልህነት ነው።

አብዛኞቹ እነዚህ ካርዶች የሚገኙት አገልግለው ነው። ያገለገለ ካርድ ሳይሞከር አይገዛም፤ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ገጥሞ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ ይታያል። መጀመሪያ በዓይን የሚታዩት የተቃጠለ ሽታ፣ ያበጡ ካፓሲተሮች፣ የተላጡ ብሎኖች፣ የዛጉ ወርቃማ ጥርሶች ናቸው። ከዚያ ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ተይዞ ይሄድና የቺፑ ስም፣ የሜሞሪው ዓይነትና የመስመሮቹ ብዛት ይነበባል። አሮጌ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ባዮሱ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥበት ማጭበርበር የታወቀ ነው። የፕሮግራሙ አዳዲስ እትሞች እንዲህ ያለውን ካርድ ሐሰተኛ ብለው ያጋልጣሉ። በመጨረሻ ፈርማርክ በመሰለ ፕሮግራም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሙሉ ጭነት ይሰጠዋል። ሙቀቱ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ከቆመ፣ ነጠብጣብም ካልታየ፣ ፋኑም ካላጓራ ካርዱ ደህና ነው። እያንዳንዱ መውጫም በሞኒተር ይሞከራል።

ለሙቀት ንባቡ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍነዋል፤ መስኮት በሌለውና ኮምፒውተሮች በተደረደሩበት ክፍል ግን አይሸፍነውም። ፋን የሌላቸው፣ በብረት ክንፍ ብቻ የሚቀዘቅዙ ካርዶች ለጠባብ ኬዝ የማይመረጡት በዚህም ምክንያት ነው።

ሲገጠም የድሮው ድራይቨር አስቀድሞ ይራገፋል፤ በተለይ ከኤኤምዲ ወደ ኤንቪዲያ ወይም በተቃራኒው ሲቀየር ይህ አይዘለልም። ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ገመዱ ከግድግዳ ይነቀላል፣ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል። የኬዙ ብረት በእጅ ከተነካ በኋላ የድሮው ካርድ ብሎን በካቻቢቴ ይፈታል፤ በስሎቱ ጫፍ ያለው መቆለፊያ ሳይለቀቅ ካርዱን መሳብ ስሎቱን ይሰብራል። አዲሱ ካርድ ጥርሶቹ ሳይነኩ በሁለት እጅ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ብራኬቱ በብሎን ይታሰራል፣ የሞኒተሩም ኬብል በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በካርዱ ላይ ይሰካል። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር ቢመስልም «ካርዱ አልሠራም» ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለስበት የተለመደ ምክንያት ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ካርዱ በደንብ መግባቱ ይታያል፤ ከዚያም ካርዱ ወጥቶ በማዘርቦርዱ መውጫ በኩል ባዮስ ይከፈትና ቀዳሚው ማሳያ ወደ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይቀየራል። ከዩኢኤፍአይ ጋር የተያያዘው ምርጫ ሲነካ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በአሮጌው አሠራር የተጫነ ዊንዶውስ አሠራሩ ሲለወጥበት አይነሳም፣ ዲስኩም መጀመሪያ ወደ አዲሱ አሠራር መለወጥ ይኖርበታል። ምስሉ ከመጣ በኋላ ድራይቨሩ ከአምራቹ ወርዶ ይጫናል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ብቻ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ ካርዱ ከመወቀሱ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ይጠረጠራል፤ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ጣሪያ ዝቅ አድርጎ ችግሩ ከጠፋ ጥርጣሬው ትክክል ነበር። የቮልቴጅ መውጣት መውረድ በሚበዛበት ሰፈር ከስታቢላይዘር ጋር መሥራት ለፓወር ሰፕላዩም ለካርዱም ዕድሜ ይሰጣል። የወጣው ካርድ ምስል እስካሳየ ድረስ ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ቢቀመጥ፣ ሌላ ጊዜ ጥፋቱ የካርድ ይሁን የማዘርቦርድ ለመለየት ያገለግላል።